ጾም የገደፈው ስብ

የወይዘሮ ትርንጎ የሆድ ስብ በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቅቤ በላ። ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸው የበሉት ሽሮ ነበር።

ነገሩን ያወቁት በሜትር ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ ሴት ናቸውና የገዛ ወገባቸውን ልክ አይስቱም። ማክሰኞ ጠዋት ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር የነበረው ወደ ማታ ሰማንያ ስምንት ሆነ፤ አፋቸውንም ቅቤ ቅቤ አላቸው። ረቡዕ ወደ ሰማንያ ሁለት ወረደና ዓሣ ዓሣ አላቸው።

“በእኔ ሆድ የሚበላው ማነው?” አሉ ሐሙስ ዕለት። ነጠላቸውን አጣፍተው አምና የሐሞት ጠጠር ወዳወጣላቸው ሆስፒታል ሄዱ። ከሆዳቸው የወጣ ነገር ካለ የቀረው እዚያ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስማቸውን ፈልጎ አገኘ።

“ስብዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በግራ በኩል” አላቸው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዶክተር ኢያሱ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ወንበር ሰጣቸው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ አውራ ጣት የምታህል ስብ ተወስዳ እንደነበር፣ ሕዋሳቷም እስከ ዛሬ በትንንሽ ሳህኖች ውስጥ እየተመገቡ እንደሚኖሩ በትሕትና አስረዳቸው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንዱ ሳህን ከቅቤ የወጣ ፋቲ አሲድ የሚባል የስብ ንጥረ ነገር ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ከኑግ ዘይት፣ ሦስተኛው ከዓሣ ዘይት የወጣ። የትኛውን ሲመገቡ ብዙ ስብ እንደሚያከማቹ ያጠናል።

“ቅቤው ያወፍራቸዋል፤ የዓሣው ያከሳቸዋል” አለ።

“እሱንማ ለክቼዋለሁ። በጾም ለምን?”

“እማማ፣ ሕዋስ ሃይማኖት የለውም።”

“የማን ሕዋስ?”

ዶክተሩ የፈረሙበትን ወረቀት አውጥቶ አሳያቸው።

“እኔ የፈረምኩት ጠጠሩን እንድታወጡልኝ ነው! ስቤን ውሰዱ ብያለሁ? ቅቤ አጉርሱልኝ ብያለሁ? ሃምሳ ዓመት አንድ ቀን ጾም ገድፌ አላውቅም። ጎረቤት እንኳ ለሰው ልጅ ከማጉረሱ በፊት ‘ይጾማል ወይ?’ ብሎ ይጠይቃል። እናንተ ስትወስዱም አልጠየቃችሁ፣ ስታበሉም አልጠየቃችሁ!”

“አሁን ባቋርጠው የአንድ ዓመት ሥራዬ ከንቱ ይቀራል።”

“የእኔ ሃምሳ ዓመትስ?”

“ይቅርታ እማማ፣ አላቋርጥም።”

ወይዘሮ ትርንጎ ከወንበራቸው ተነሡ። “እንግዲያው አሳየኝ።”

ዶክተሩ የቅቤውን ሳህን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠላቸው። አጎንብሰው አዩ። ሕዋሳቱ ድቡልቡል ብለዋል፤ በያንዳንዳቸው ሆድ አንዳንድ የዘይት ጠብታ ያብረቀርቃል። የደነገጠ አንድም የለም።

“እናንተ!” አሉ ወደ ሳህኑ። “እሱስ ባዕድ ነው፣ አያውቅም። እናንተ ሃምሳ ዓመት አብራችሁኝ ስትጾሙ ኖራችሁ፣ አፋችሁ ላይ ቅቤ ሲያደርግ ዝም? አታፍሩም?”

ንዴቱ እንባ በእንባ አደረጋቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን መዝግቦ እስከ በሩ ሸኛቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ስልክ ደወለላቸው። “እማማ፣ አይበሉም” አለ።

ሲደርሱ ሳህኖቹን ደርድሮ ጠበቃቸው። የኑጉ ምግብ አልቋል። ቅቤውና የዓሣው እንደተቀመጡ አሉ፤ ከሁለቱም አንዲት ጠብታ አልተነካም።

“ምን ብለዋቸው ነው?”

“ሰምተሃል እኮ። አሁን ያንን ቅቤ አንሣ።”

ዶክተሩ ቅቤውን አነሣ። የዓሣውንም፣ ሳይጠየቅ፣ አነሣ። ከዚያ የቅቤውን ሳህን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋና ቦታውን ለቀቀላቸው።

የሳህኑ መሐል ባዶ ነበር። ሕዋሳቱ በሙሉ አንዱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ቆመዋል።

“ወደ ምሥራቅ ነው” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ቀና ሳይሉ።

ዶክተሩ አላመነም። ሳህኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ግማሽ ዙር አዞረው፤ ምሥራቅ የነበረው ጠርዝ ምዕራብ ሆነ። ሁለቱም ጠበቁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከሰልፉ አንዷ ተነጠለች። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ባዶውን መሐል በዝግታ አቋርጠው ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ ቅቤ የጠገቡት ሆዳቸው ከብዷቸው ከኋላ እየተጎተቱ።