በነጥብ የተገዛ የካሺ ቲኬት

ሱላባ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የቤቱን መብራት፣ ጋዝና ውሃ በጥሬ ገንዘብ ስትከፍል ኖራለች። ወረፋ ቆማ ትከፍልና ደረሰኙን ለአማቷ ለማልቲ ታስረክባለች። ማልቲም "ጎበዝ" ይሏታል። ያቺ አንዲት ቃል ለወሩ ትበቃት ነበር።

የባሏ ታናሽ ወንድም ኬታኪን አግብቶ ሲያመጣ ወረፋው ቀረ። ኬታኪ ክሬዲት ካርድ ነበራት።

"እትዬ፣ ለምን ፀሐይ ይመታሻል? እኔ ቁጭ ብዬ እከፍለዋለሁ። በዚያ ላይ በከፈልን ቁጥር ባንኩ ነጥብ ይሰጠናል፤ ሲጠራቀም እንደ ገንዘብ ይገዛበታል።"

ወንድማማቾቹ የወር መዋጮውን ለእሷ ይሰጡ ጀመር። በሁለት ዓመት ነጥቡ ተጠራቅሞ ከከተማቸው ከፑኔ ቅድስቲቱ ከተማ ካሺ የሚያደርስ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት ሆነ፤ አንዱ ለኬታኪ፣ አንዱ ለማልቲ። ማልቲ ሳይሞቱ እዚያ በቅዱሱ የጋንጋ ወንዝ መታጠብ የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነው።

"ታናሿ ምራቴ በነጻ ልትወስደኝ ነው" ይላሉ ለጎረቤቱ ሁሉ። ሱላባ ምስር እየለቀመች ትሰማለች፤ ጠጠሩን ድስቱ ውስጥ፣ ምስሩን ውጭ ትጥላለች።

ጉዞው አምስት ቀን ሲቀረው ፖስተኛው የካርዱን ሒሳብ ለሱላባ ሰጣት። ከፈተችው። ዘጠና ሺህ ሩፒ ዕዳ። ኬታኪ ካለፈው የዲዋሊ በዓል ወዲህ የከፈለችው ከታች የተጻፈውን ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ነው። ወለዱ ብቻውን የሁለቱን ቲኬት ዋጋ ይበልጣል።

ሱላባ እስኪመሽ አላስቻላትም። ምሳ ላይ ወረቀቱን ማልቲ ፊት አኖረችው።

"እማማ፣ ዕዳ ይዞ ካሺ አይኬድም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

ኬታኪ ወረቀቱን አይታ እጇን ከሩዙ አነሳች። "ትንሹን ቁጥር ከከፈልኩ የሚበቃ መስሎኝ... የተረፈውን ለመጋረጃው፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለእማማ መነጽር አወጣሁት።"

"ባንኩ ምጽዋት የሚሰጥ መሰለሽ?" አለች ሱላባ።

ማልቲ ተነሡ። አዲሱን ሳሪያቸውን ከሻንጣ አውጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ መለሱት። ከዚያ መጥተው የኬታኪን ራስ ዳበሱ።

"አታልቅሺ ልጄ። ለኔ ብለሽ ነው።"

ሱላባን ማንም አልዳበሳት።

በማግስቱ የሠርጓን የወርቅ አምባር ከግራ እጇ በሳሙና አውልቃ ሸጠችና ዕዳውን ልትዘጋ ባንክ ሄደች። ገንዘብ ተቀባዩ፣ "ካርዱስ ክፉ አይደለም" አላት። "በየወሩ ሙሉውን ለሚከፍል ሰው ይጠቅማል። እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው የተሠራው።"

ይህ ከአምባሩ ይልቅ አንገበገባት። አንዲት ሩፒ ሳታጎድል የኖረችው እሷ፤ ነጥቡን የሰበሰበችው ሌላ።

ቤት ስትደርስ ኬታኪ እግሯ ላይ ወደቀች። "እትዬ፣ በኔ ቦታ አንቺ ሂጂ።"

የሱላባ ልብ ለአፍታ ካሺ ደረሰ።

"ስም አይቀየርም" አለ የኬታኪ ባል ስልኩን እያየ። "በነጥብ የተገዛ ቲኬት እንዲህ ነው።"

የጉዞው ዕለት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስዳቸው ባለሦስት ጎማ ሪክሾ በር ላይ ቆመ። ማልቲና ኬታኪ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጎረቤቷ ሻሊኒ ብቅ አለች።

"ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚሄዱት? አንቺስ?"

"እኔ ነኝ የላክኋቸው" አለች ሱላባ፣ ሪክሾው ውስጥ እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ ባዶውን ግራ እጇን አነሳችና መንገዱ እስኪሰውራቸው ድረስ አወዛወዘችው።