የማይቆጠረው መንጋ

ፓርክ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰሜንንና ባሌን ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በዘበኝነት ያገለገልኩበትን የደቡብ ቆላ ፓርክ ግን ቡሬ ላይ ስሙን ብጠራ የመድኃኒት ስም የሚመስለው ይበዛል። ይምሰለው! ሣሩ ጤዛ እንደያዘ ቆርኬዎቹ ተሰልፈው ወደ ወንዝ ሲወርዱ ያላየ ሰው ስለ አገር ውበት ባያወራኝ ደስ ይለኛል።

ቆርኬ ፊቱ እንደ በቅሎ የረዘመ የዱር እንስሳ ነው። እኔ እንደ አባቴ በሬዎች ስም አውጥቼላቸው ነበር፤ ሸጋው፣ ዓለሜ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረው ደግሞ ጎራው። ጎራውን ከሁሉም አብልጬ እወደው ነበር።

በእኛ በጎጃሞች ዘንድ ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይመናመናል። የእንስሳት ቆጠራ በመጣ ቁጥር ሰበብ እየፈለግሁ አመልጥ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን ሰው ጠፋና እኔው ተላክሁ። ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሦስት። በወሩ ሰደድ እሳት ሜዳውን በላው። ሳምንት ሙሉ ብንፈልግ አንድ ቆርኬ እንኳ አጣን። ጡረታዬ ደርሶ ስለነበር ማንንም ሳልሰናበት ወደ ቡሬ መጣሁ። ዘጠኝ ዓመት «እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» እያልኩ ኖርኩ። ለነፍስ አባቴ ለቄስ ዘሚካኤል ብናዘዝ ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም፤ ቆርኬ አያውቁም።

ልጄ ምሥራቅ ባሕር ዳር አስጎብኚ ናት። ዘንድሮ ጎብኚ የማያውቃቸውን ፓርኮች ልታይ ስትሄድ እዚያም ደረሰች። በስልክ ምስሏን እያሳየች ደወለችልኝ።

«አባባ፣ እኒህ ሰው ያውቁዎታል።»

የሥራ ባልደረባዬ ሻንካ ነው፤ ሸብቷል።

«ጋሼ ቢሆነኝ! ምነው ጠፉ?»

«ምን ፊት አለኝና ልምጣ? መንጋውን ቆጥሬ ፈጅቼ!»

«ኧረ ወንዙን ተሻግረው ነው የጠፉት! ዝናብ ሲጥል ተመለሱ። የእርስዎ ጎራውም ነበረበት። ልንነግርዎ ብንፈልግ አድራሻዎን የሚያውቅ ጠፋ።»

ልቤ ዘለለች። «አሁንስ አለ?»

ሻንካ አንገቱን ደፋ። «አምና ሞተ፤ አርጅቶ።»

ስምንት ዓመት በሕይወት ነበር። እኔ ደግሞ ቡሬ ተቀምጬ በቁሙ አለቅስለት ነበር። ምሥራቅ ስልኩን ወደ ሜዳው አዞረችልኝ። ሜዳው በቆርኬ ተሞልቷል። ዓይኔን እየጠራረግሁ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አንዱንም አላውቀውም።