የሙሽራ ባና

«ይህችን ሴት እወቋት። ሌባ ነች።»

ከጽሑፉ ሥር የተለጠፈው የፈርሂያ የራሷ ፎቶ ነበር። አንድ ባና፣ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ብርድ ልብስ፣ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ የተነሳችው፣ በፌስቡክ ገጿ ላይ ለማስታወቂያ የምትጠቀምበት ፎቶ ነው። አሁን ሳቋ ራሱ የአታላይ ሳቅ መስሎ ታያት።

ይህን ያነበበችው በጎረቤቷ በእትዬ ሐረግ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ቆማ ነው። መካነ ሰላም ላይ ኔትወርክ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ደህና የሚያዘው ከዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ብዙ ጠዋት ቆማ ለምናው እምቢ ያላት ኔትወርክ ዛሬ ሳትፈልገው በሙሉ ኃይሉ መጥቶ ስድቡን አንድ በአንድ አወረደላት።

ቪዲዮም ነበረው። ቀለበት ያደረጉ የሴት ጣቶች ጥቁርና ነጩን ባና ወደ ካሜራው አስጠግተው ይጎትቱታል፤ ፈትሉ ከፈትሉ ይራራቅና በመሀሉ ብርሃን ይታያል። «እዩልኝ! ወንፊት ነው የላከችልኝ! ሽታውንማ አታንሱት፤ ለሙሽራ ልጄ ብርድ ልብስ ብላት ከነበጉ ጠቅልላ ሰደደችልኝ!» ይላል ድምፁ። ከሥሩ የማያውቋት ሰዎች ይሳሳቃሉ። «እኔም ላዝዛት ነበር፣ አላህ አወጣኝ» ያለች አለች። ትናንት ማታ «ነገ አረጋግጥልሻለሁ» ያላት የደሴ ነጋዴም አንድ አጭር መልእክት ልኮላታል፤ ትእዛዙን ትቶታል።

ቪዲዮውን የለጠፉት ወይዘሮ የሻለም ከመጀመሪያውም ቀላል ደንበኛ አልነበሩም። ባናውን ፀሐይ ላይ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ደግሞ ጥላ ላይ፤ ደግሞ አልጋ ላይ ተነጥፎ። ነጩ መስመር ትንሽ ይስፋ፤ አይ፣ በዛ፣ ይጥበብ። ሌሊቱ ሳይነጋጋ ከአዲስ አበባ ይደውሉና «ባናው ነው የደበዘዘው ወይስ ስልክሽ?» ይላሉ። ንግግራቸውንም ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር የሚጨርሱት፤ «የከላላ ልጅ ነኝ እኮ፣ ባና አታስተምሪኝም።» ፈርሂያ ይህን አባባላቸውን ወዳው ነበር። ከላላ ቅርብ ናት፤ ሴትየዋ እንደ አክስት ነበር የተሰሟት። ስለዚህ ነው ስድቡ ከሌላው ሰው ሁሉ የባሰባት።

ደግሞ ቀኑ ክፉ ቀን ነበር። ወንድሟ ሱፍያን በወፍጮ ቤት እየሠራ፣ የእናታቸውን ሕክምናም የቤቱንም ጉድለት ለብቻው መሸፈን አቅቶታል። የእሷ ቪዛ ተዘጋጅቶ ደሴ ካለው ደላላ እጅ ነው። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ይህ የፌስቡክ ገበያ ከቆመ ትቀራለች፣ ካልቆመ ወደ ሪያድ ትመለሳለች። ደላላው መልስ የሚፈልገው ዛሬ ነው። ሱፍያን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠዋት ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ «ከሰዓት እመጣለሁ፣ እስከዚያ አስቢበት» ብቻ ነው ያላት።

ሪያድ ስድስት ዓመት ኖራለች። እዚያ ቤት ውስጥ ከአፏ ይወጣ የነበረው አንድ የዐረብኛ ቃል ነበር፤ «ሐድር»፣ እሺ፣ ታዛዥ ነኝ። ሩዙ ለምን ቀዘቀዘ? ሐድር። ምንጣፉን እንደገና እጠቢ። ሐድር። ያላጠፋችውን አጠፋሽ ስትባል እንኳ መልሷ ያው ነበር። አገሯ ገብታ በራሷ ገጽ ላይ በራሷ ስም ለሰው ዋጋ ስትናገር ያደረባት ኩራት፣ ለማንም አውርታው አታውቅም እንጂ፣ ትልቅ ነበር።

መልሱን መጻፍ ጀመረች። «አንቺ አሮጊት» ብላ ተነሥታ አምስት መስመር ያህል እሳት የሆነ ስድብ ጻፈች። አነበበችው። ጥሩ ስድብ ነበር፣ መቼም መካድ አይቻልም፤ አጠፋችው። ከዚያ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግታ እንደገና ከፈተችው።

ያለ ድምፅ ሲያዩት ሌላ ነገር ነበር። ጣቶቹ ይጎትታሉ፣ ፈትሉ ይሸሻል፣ ጣቶቹ ሲለቁት ተመልሶ አይገጥምም። ፈርሂያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አልተረገጠም። ባናው አልተረገጠም!

ባና ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ገና ልል ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ በእንዶድ አረፋ ተነክሮ በእግር ሲረገጥ ነው ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚጠብቀው፤ የበጉ ቅባትና ሽታም የሚለቀው። ሌላውን ባና ሁሉ የሸማኔው የጋሼ አራጌ ቤተሰብ ረግጦ ያስረክባታል። የሙሽራ ሲሆን ግን መርገጡ ለሙሽራዋ ቤት ሴቶች ይተዋል፤ የባዳ እግር ያጠበቀው ባና ለሙሽራ አይሰጥም። ጋሼ አራጌ «ለሙሽራ ነው» ስትለው እንደ ወጉ ልሉን ሰጣት፤ እሷም እንደ ወጉ ጠቅልላ በደጎሎ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው አውቶቡስ ላከችው። ይህን ለሰው መንገር፣ ውሃ ቀድቶ አቀብሎ «ይጠጣል» እንደማለት ነበር የሚመስላት። የሙሽራ ትእዛዝ ደግሞ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጆሮዋ ድረስ በኀፍረት ጋለች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ ደወለች።

«ደህና አደሩ እትዬ የሻለም? ፈርሂያ ነኝ፣ ከመካነ ሰላም።»

«በምን ዓይንሽ ደወልሽ?»

ያ የድሮ ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«አጥፍቻለሁ፤ ሳላስረዳዎት ነው የላክሁት። ባናው ገና አልተረገጠም። የሙሽራ ስለሆነ እርስዎ ቤት ይረገጣል ብለን ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው…»

በመስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። አጭር ነበር፤ ፈርሂያ ግን ልብ አለችው።

«የከላላ ልጅ መሆኔን ነግሬሻለሁ» አሉ ወይዘሮ የሻለም። «ባና ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ሌባ ግን አይደለሁም፣ እትዬ። እሱን ቃል ያንሡልኝ።»

«ወንፊት ልኮ ይቅርታ! ሰርጉ እሑድ ነው፣ ይገባሻል? ተይው፣ አገር ይወቅሽ!»

ስልኩ ተዘጋ። ነገሩ ለፈርሂያ የገባት ከዚያ ዝምታ ነው። ሴትየዋ አያውቁም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የከላላ ልጅ ነኝ ሲሉ ኖረው፣ አሁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት አልሆነላቸውም። እና በአንድ መስመር ልትጨርሳቸው ትችላለች፤ «የከላላ ልጅ ነኝ ይላሉ፣ ባና እንደሚረገጥ ግን አያውቁም» ብላ ብትለጥፍ፣ በእሷ ሲስቅ ያደረው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሳቸው ያዞር ነበር። እንዴት እንደሚጣፍጥ ታወቃት። ጣቷም ስልኩ ላይ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩ ላይ በቀልሽ እኮ! ምን ሆነሻል?» አሉ እትዬ ሐረግ ከቤት ብቅ ብለው።

ፈርሂያ ወርዳ ሁሉንም ትነግራቸው ጀመር። እትዬ ሐረግ እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቋትም።

«አብሽሪ! ይሄ ነው? ካላወቁት ማሳየት ነዋ! ውሃ ልጣድ?»

እሷ በጽሑፍ ስታምጥ የቆየችውን ነገር እትዬ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ፈርሂያ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ወደ ጋሼ አራጌ ቤት ሮጠች።

ጋሼ አራጌ ለገበያ የሸመነው ያልተረገጠ ባና ነበረው፤ ለካሜራ ነው ስትለው ግን ወደ ኋላው ሸሸገው። ያላለቀ ሥራ ለሰው ማሳየት ለእሱ ራቁትን አደባባይ መውጣት ነው።

«ልሉን? እርጥቡን? ወላሂ ነውር ነው ፈርሂያ! ተረግጦ ይድረቅ፣ ያን ጊዜ የፈለግሽውን አንሺ።»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ያለቀውን ብቻ ስላሳየሁ ነው የተሰደብነው።»

ጋሼ አራጌ ጢሙን አሻሽቶ ባናውን ሰጣት፤ «የእኔን ፊት ግን እንዳታነሺ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ሐረግ ግቢ በእንፋሎት ተሞላ። ጓደኛዋ ኸዲጃ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረች፤ ቀጥታ ስርጭቱ ተከፈተ። ፈርሂያ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቋጥራ፣ ከእትዬ ሐረግና ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር አረፋው ውስጥ ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ» አለች ወደ ካሜራው። «ስሜን አይታችኋል፣ ስድቤንም አይታችኋል። ያጠፋሁት አለ፤ በሙሽራ ባና ላይ ምን እንደሚደረግ ሳልናገር ነው የላክሁት። የማያውቅ ሰው ቢናደድ እውነቱን ነው። አሁን እዩት።» ልሉን ባና ዘርግታ፣ ራሷ ጣቶቿን በፈትሉ መሀል አስገብታ አሳየች። «ወንፊት ነው አይደል? ቆዩኝ።»

ረገጡት። አገላብጠው ረገጡት። ሰው እየበዛ መጣ፣ ከጅዳም ከቤሩትም ከአዲስ አበባም። ያ ሁሉ አስቸጋሪ ደንበኛም አብሮ መጣ፤ ሳሙናው ለልጅ ቆዳ አይከብድም ወይ? ነጩ ስንት ክረምት ነጭ ሆኖ ይቆያል? ሌላ ሰው ያልረገጠው እንዲሆንልኝ ብፈልግስ? «ሌባ!» የሚለውም አልጠፋም። ኸዲጃ እየጮኸች ታነባለች፣ ፈርሂያ እየረገጠች ትመልሳለች፤ ላብ በፊቷ ላይ ይወርዳል። ደስ እያላት እንደሆነ ቆይታ ነው ያወቀችው። የሚጨቀጭቋት ሁሉ መልስ የሚጠብቁት ከእሷ ነበር።

ሱፍያን ዱቄት እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ፤ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖታል።

«ደላላው መስመር ላይ ነው። ምን ልበለው?»

ፈርሂያ ወደ ኸዲጃ ቀና አለች። ኸዲጃ ራሷን ነቀነቀች፤ የወይዘሮ የሻለም ጽሑፍ እዚያው እንደተለጠፈ ነው። የደሴው ነጋዴም አልተመለሰም።

«አልሄድም በለው።»

«ፈርሂያ፣ አሁን በእጅሽ ያለው እኮ ጭቅጭቅ ብቻ ነው!»

«አዎ። ግን የራሴ ጭቅጭቅ ነው።»

ሱፍያን ገንዳውን አየ፣ ስልኩን የያዘችውን ኸዲጃን አየ፣ የእህቱን የቀላ እግር አየ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ለደላላው «ለሌላ ሰው ስጠው» ሲል ተሰማ። ሲመለስ ምድጃው ላይ የፈላውን ውሃ አንሥቶ ወደ ገንዳው ጨመረላቸው።

ኸዲጃ በድንገት ማንበቧን አቆመች። «የሻለም… እትዬ የሻለም ናቸው» አለች። «'ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?' ይላሉ።»

እግሮቹ ሁሉ ቆሙ። ከጥያቄው ሥር ወዲያውኑ ሳቅ መፍላት ጀመረ፤ አላውቅም ነበር ማለታቸው ነው እንዴ? የከላላ ልጅ ነኝ የሚሉት እኚህ አይደሉም? ፈርሂያ ሳቁን ከኸዲጃ ፊት ላይ አነበበችውና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እትዬ! ይህን ሳልናገር በማለፌ ይቅርታ። እግርዎን የማያቃጥል ይሁን። እንዶድ ከሌለ ሳሙና ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ያገላብጡት።»

እንደገና ይረግጡ ጀመር። ባናው ጠበቀ። ፈርሂያ አውጥታ ወደ ፀሐዩ ዘረጋችው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረውም። ጣቷን ብታስገባ እምቢ አላት። «ይኸው!» ብላ ጮኸች፣ እትዬ ሐረግም እልል አሉ።

ስልኩ የጠራው ባናውን አጥሩ ላይ ሲያሰጡ ነው። ከወዲያ በኩል የውሃ መንቦጫረቅና የብዙ ሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«ትሰሚያለሽ?» አሉ ወይዘሮ የሻለም እየጮኹ። «ገንዳ ከየት ይምጣ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሞልተነዋል! ሙሽራዋ ራሷ ገብታለች፣ ጥፍሯን ተሠርታ የመጣችው! ሽታው ግን እስካሁን አለ!»

«ሲደርቅ ይለቃል፣ እትዬ።»

«ካልለቀቀ እንተያያለን።» ከዚያ ከሰዎቹ ራቅ ያሉ መሰለ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያንን ጽሑፍ አንሥቼዋለሁ። ስምሽንም አስተካክዬ ጽፌያለሁ።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «ከከላላ ስወጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርሂያ። እናቴ ይህንን ሳትነግረኝ ነው የሞተች።»

ፈርሂያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ሲረገጥ የሚባል ዘፈን አለ፣ እትዬ» አለች። «ላሰማዎት?»

«በይ እስቲ።»

በእጇ ጠቀሰቻቸው። እትዬ ሐረግና ኸዲጃ፣ የቀሩትም ሴቶች ስልኩን ከበው፣ ባዶውን መሬት በእግራቸው እየመቱ ጀመሩላት፤

«ርገጪው በእግርሽ፣ ይጥበቅ እንደ ቃልሽ፤
ብርዱ ደጅ ይደር፣ አንቺ ከባልሽ።»

ከአዲስ አበባ በኩል መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ቃሉን እየሳተች ተቀበለች፤ ወይዘሮ የሻለም ነበሩ። ከኋላቸው ሌሎቹ ተከተሉ። ፈርሂያ ሁለቱም ቤት እንዲሰማ ስልኩን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ክንዷ ዝሎም አላወረደችውም።