የኪሩቤል ክፍል

«ነጠላሽን አዘቅዝቂው እንጂ! ሠርግ የመጣሽ መሰለሽ እንዴ?»

አክስቷ ብርሃኔ የተናገረችው በቁንጥጫ አጅባ ነው። ፌቨን ክንዷን አሸች። ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረውታል፤ የሐዘን አለባበስ ነው። የእሷ ብቻ እንደ አዘቦቱ ወደ ታች ወርዶ ጉልበቷ ላይ ያብለጨልጫል።

«ወንድሟ ሞቶ እንባ ጠብ አይላትም» አለች አንዷ ንፍሮ እየዘገነች። ማንሾካሾኳ ነው፤ ሹክሹክታዋ ግን ድንኳን ውስጥ ያሉት ወንዶች ጋ ይደርሳል።

ፌቨን የማታለቅስበት ምክንያት ነበራት። ጉያዋ ውስጥ ተሸጉጧል፤ ስልኳ።

ወንድሟ ኪሩቤል መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል ይጠግን ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ ዘመተ፤ ወዲያው መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ፣ ወሬውም አብሮ። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። ሐራ አካባቢ ወድቆ እዚያው ተቀበረ አሉ። አስከሬን የለ፣ መታወቂያ የለ፣ ቃል ብቻ።

ፊልም የሚያይበት መተግበሪያ ግን አልተዘጋም። ፓስዎርዱን ለሰፈሩ ወጣት አድሎት ነበር።

«ሌብነት እኮ ነው! ካምፓኒው ቢሰማስ?» ብላው ነበር ያኔ።

«ሰምቶ መርሳ ድረስ ሊከሰኝ ይመጣል? በየትኛው መኪና?»

«ለፍቅረኛህ ለሊዲያም ሰጠሃት አሉ። ብትጣሉስ?»

«እቀይረዋለኋ! የእኛ ዘመን ፍቺ እሱ ነው።» ሳቀና ቀጠለ፦ «አንድ ሰው ከፍሎ አምስት ሰው ካላየበት ምኑን ከፈለው? ብቻ ሁሉም በየስሙ በተከፈተለት ክፍል ይይ። እኔ ክፍል ማንም ዝር እንዳይል።»

ቀልዱን አልነበረም። የጎረቤታቸው ልጅ አለሚቱ አንዴ በእሱ ስም ገብታ ያቋረጠውን ተከታታይ ፊልም ብታዘበራርቅበት፣ ፓስዎርዱን ቀይሮ የሰፈሩን ወጣት ሁሉ አስለመነው። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም።

እና አሁን፣ መርዶው ከተነገረ ወዲህ፣ በኪሩቤል ስም ያለው ተከታታይ ፊልም ወደፊት እየሄደ ነበር። ከተወው ቦታ ተነስቶ በየቀኑ ይገፋል።

የሞተ ሰው ፊልም አያይም።

ለማን ትንገር? ለእናቷ ለጥሩወርቅ ብትነግራት እልል ብላ ከፍራሹ ትነሳለች፤ ውሸት ከሆነስ? ዝም ብላ ብታለቅስ ደግሞ በሕይወት ያለ ወንድሟን በገዛ እጇ መቅበሯ ነው። ሐዘንተኛ ናትና ከግቢ አትወጣም። ብትወጣስ የት ሄዳ ትጠይቅ?

ከሰዓት በኋላ ዮናስ መጣ። የኪሩቤል አብሮ አደግ ነው፤ ሲፈናቀል ደሴ ቀርቶ ነበር። ጥሩወርቅ ጉልበት ላይ ተደፍቶ «እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» እያለ ተንሰቀሰቀ። ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ፌቨን ተከተለችው።

«ዮኒ፣ አትዋሸኝ። ኪሩ ደሴ ነው አይደል? ቆስሎ ነው?»

«ምን እያልሽ ነው?»

ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። «ይኸው! ትናንት ማታ እንኳን አይቷል።»

ዮናስ ስልኩን አየ። እጁ ላይ ያለው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ፌቪ... እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ ምን?»

«የማየው። አብረን ነበር የጀመርነው። ሲሄድ ‹ሳልመጣ ብታየው ውርድ ከራሴ› አለኝ። መርዶውን ስሰማ... ልጨርስለት አልኩ። በራሴ ስም ማየቱ የከዳሁት መሰለኝ።»

«ማንም ዝር አይበል ብሎ የለ!»

«ብሏል።»

እጇ ለጥፊ ተነሳ። መንገድ ላይ ደከመውና ወረደ።

«አለቀ?» አለች፣ ድምጿ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው።

«አንድ ክፍል ቀርቷል።»

«እሱን እንዳትነካው።»

ተመልሳ ገባች። ብርሃኔ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ከደነችው። ፌቨን እናቷ ጎን ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን በሁለት እጇ ፈልጋ ያዘችና ቀስ ብላ ወደ አንገቷ አዞረችው።