ሐኪም እስኪመጣ

ዶክተር ገሠሠ ቁስለኛ እንዲያክም ወደ ሰሜን ግንባር ከተወሰደ ወዲህ አሰብ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የሚያዝ ሰው አልነበረም። ኪኒኑ ግን ነበር። ትሩፋት በምትሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ሙቀት እንዳያበላሸው ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ተደርድሮ ተቀምጧል። ትሩፋት የደሴ ልጅ ናት። ፋርማሲ ተምራ እንደጨረሰች አሰብ ተመደበች፤ መጀመሪያ ሙቀቱን ስታማርር ከርማ፣ ኋላ ለምዳው፣ ከከተማው ሴቶች ጋር ቤተሰብ ሆነች።

ከሁሉም የምትቀርባት ሐስና ነበረች። ሐስና የበይሉል ተወላጅ፣ የወደብ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ያን ጊዜ ዶክተር ገሠሠ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ፣ «ሌላ እርግዝና ይገድላታል» አለና ኪኒኑን አዘዘላት። ማዘዣው በየጊዜው መታደስ ነበረበት። አሁን የሚያድሰው የለም።

«ስጪኝ በቃ፤ ሁልጊዜ የምወስደው አይደል?» አለቻት ሐስና አንድ ረፋድ መስኮቱ ላይ ተደግፋ።

«ሐኪም ይመጣል ተብሏል። ትንሽ ታገሺ።»

«እኔ እታገሣለሁ። ማህፀኔ ይታገሣል?»

ትሩፋት ዞራ የተደረደረውን ኪኒን አየች። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሰጠች የሥራ ፈቃዷን ይነጥቋታል፤ በዚያ ላይ በዚያ የአብዮት ጊዜ ደንብ መጣስ ከሥራ በመባረር ብቻ የሚያበቃ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ የሐስና ባል ዲኒ ራሱ መጣ። ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ። ባል ይፍቀድ የሚል ደንብ አለ አሉ። ይኸው መጥቻለሁ፤ ፈቅጃለሁ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የቀረው የሐኪሙ ነው፣ አቶ ዲኒ።»

«ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ፣ አንቺም ሰምተሻል። ደግሞ ምን እስኪል ነው የምንጠብቀው?»

ሐስና አዲስ አበባ ሄዳ እንድታሳዝዝ ሞክረው ነበር። የአውሮፕላኑን ወንበር ባለሥልጣኖች ይይዙታል፤ በመኪና እንዳትሄድ የይለፍ ወረቀት ተከለከለች። ዲኒ አንገቱን ደፍቶ፣ «በረንዳ ላይ መተኛት ከጀመርኩ ሰነበትኩ» አለ። «ግን ሰው ነን።»

ትሩፋት ነገሩን ለስብሰባ እንደምታቀርበው ቃል ገባችለት። ቃሏንም ጠበቀች። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የጤና ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ተነሥታ፣ ሐኪም በሌለበት ከተማ ፋርማሲስት ኪኒኑን እንዲሰጥ ይፈቀድ አለች።

«የደም ግፊት እለካለሁ፤ ሕመም ካለባት እጠይቃለሁ፤ ያጠራጠረችኝን አልሰጥም።»

የተቃወመቻት አዋላጇ ወለተጊዮርጊስ ነበረች። የከተማው ልጅ ግማሹ በእሷ እጅ የተወለደ ነው።

«ልጄ፣ ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ» አለች። «ድሬዳዋ ሳለሁ ያለ ምርመራ ከሱቅ ኪኒን ገዝታ የዋጠች ሴት ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ አይቻለሁ። ዛሬ ላንቺ ከተፈቀደ ነገ ለማን ይከለከላል?»

ከኋላ አንዱ ካድሬ፣ «አብዮቱ ወታደርና ሠራተኛ ይፈልጋል፤ እዚህ የሚመከረው ልጅ ስለማስቀረት ነው» አለ። ሳቅም ጭብጨባም ተሰማ። ሰብሳቢው ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ጸጥ አሰኝቶ፣ ጥያቄው ወደ በላይ አካል እንዲመራ ወሰነ። «መልስ እስኪመጣ ግን» አለ ትሩፋትን እያየ፣ «ነባሩ ደንብ ይጸናል። ጥሶ በተገኘ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰዳል።»

መልስ አልመጣም። ሐኪምም አልመጣም። ሐስና መጣች።

መስኮቱ ጋ አልቆመችም፤ ዞራ ወደ ውስጥ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትሩፋት ፊቷን አይታ ገባት።

«ሐስናዬ...»

«ተይው። ከእንግዲህ ስጪኝ አልልሽም።» ውሃ ለምና ጠጣች። «ስወልድ ብቻ አጠገቤ ሁኚ።»

ሆነች። ምጡ የመጣው አሸዋ የቀላቀለ ነፋስ ከተማውን ባለበሰበት ቀን ነበር። ወለተጊዮርጊስ ልጁን በሰላም ተቀበለች፤ ወንድ ነበር፤ አለቀሰም። ደሙ ግን አልቆመም። አዋላጇ ሆዷን እየጨመቀች፣ የያዘችውን መርፌ ሁሉ እየወጋች፣ እስከ ክንዷ በደም ተነክራ ታገለች። ዲኒ ደሜን ውሰዱ ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ፤ ቀድቶ የሚሰጥለት ባለሙያ አልነበረም። የሐስና እጅ በትሩፋት እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ከቀብር በኋላ ወለተጊዮርጊስ መድኃኒት ቤቱ መጣች። ባንኮኒው ላይ እጆቿን ዘርግታ፣ «የዚያን ቀን ዝም ብል ኖሮ...» ብላ ጀመረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ዲኒም መጣ። ትሩፋት ይረግመኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ መሬት መሬት እያየ የሕፃን ወተት እንዳለ ጠየቃት። እንዴት እንደሚበጠበጥ ስታስረዳው ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ ከዚያ ቆርቆሮውን በክንዱ አቅፎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሩፋት ደንቡን ተወችው። በመጀመሪያ የመጣችው የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ሚስት ታደለች ነበረች። ትሩፋት ግፊቷን ለክታ፣ ሕመሟን ጠይቃ ሰጠቻት። ሌሎችም ተከተሉ። የራስ ምታት ያለባትን፣ ግፊቷ ከፍ ያለባትን እያለቀሱ መለሰቻቸው። ሥራውን በጥንቃቄ ሠራችው፤ በፍርሃትም ሠራችው። በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን ኪኒን ከባንኮኒው ሥር ትሸሽግ ነበር።

ተቆጣጣሪዎች መጥተው ኪኒኑ መጉደሉን ያዩ ዕለት የመድኃኒት ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ አበጀ ወደ ጓዳ ሳባት።

«በሙቀት ተበላሽቶ ተጥሏል በይ። እኔም እመሰክርልሻለሁ። ማን ያጣራል?»

ልትል ነበር። ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ስትወጣ ግን አፏ እሺ አላላትም።

«ሰጥቻለሁ» አለች። «ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች ሰጥቻለሁ።»

ለማን እንደሰጠች ጠየቋት። አልተናገረችም። አስረው ሲመቷትም አልተናገረችም።

ፈቃዷ ተነጥቆ ስትፈታ፣ ከከተማው እስክትሸኝ ድረስ በሯ ላይ ጠባቂ ቆሞ ከቤቷ እንዳትወጣ ታዘዘች። መድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ስለሌለው ታሸገ። የስኳር በሽተኛው መርፌ፣ የወባው መድኃኒት፣ የሕፃናቱ ወተት፣ ኪኒኑም ጭምር ሙቀቱ ውስጥ ተቆለፈበት።

አንድ ከሰዓት ታደለች ጠባቂው ጥላ ፍለጋ ዞር ሲል በመስኮት ጠራቻት።

«ትሩፋት፣ ኪኒኑ አለቀብኝ። ምን ላድርግ?»

ትሩፋት በፍርግርጉ መሐል እጇን ሰዳ የታደለችን ጣቶች ያዘች። ጠባቂው ሲመለስ የጫማው ድምፅ ተሰማ፤ ታደለችም ጣቶቿን አስለቅቃ በአጥሩ ጥግ ሄደች።