ሦስት ቀን በደረቅ ወለል ላይ

ወንድሜ ተጉህ ከካሊማንታን ደሴት ደውሎ "ሆቴል ይዣለሁ" ሲለኝ፣ ሙሽራ ይዞ ሊመጣ ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

"ለማን ነው የያዝከው?"

"ለአባባ፣ ለአንቺና ለእኔ። ሦስት ቀን። ያ ወደብ መንገድ ላይ ያለው ባለ አምስት ፎቁ።"

"ማስ ተጉህ፣" አልኩት፤ ታላቅ ወንድምን እንዲህ ነው የምንጠራው። "ጤነኛ ነህ? ከቤታችን እኮ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።"

"ቤት ውስጥ ውኃው የት ደርሷል?"

የዚያን ቀን ጠዋት ከአባቴ አልጋ ሥር ከደረደርናቸው ጡቦች ሁለተኛውን አልፎ ነበር።

ሰማራንግ ከተማ ውስጥ ከወደቡ ጀርባ ያለው ሰፈራችን በየዓመቱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ባሕሩም በየዓመቱ ወደ እኛ ይመጣል። የቤቱን ወለል ሦስት ጊዜ አፈር ደልድለን ከፍ አድርገነዋል። ጣሪያው ግን ያው ስለሆነ አባቴ በገዛ ቤቱ ውስጥ አጎንብሶ ነው የሚሄደው። ስሙ ካስዋዲ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ማጎንበሱን ከቁብም አልቆጠረው። እኔ ከወደቡ ራቅ ብሎ ካለው ኮረብታ ሥር፣ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሰፊ ነኝ፤ እሑድ እሑድ እየመጣሁ አጥብለታለሁ፣ አበስልለታለሁ። "ከእኔ ጋር ይኑሩ" ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ። "እናትሽን ትቼ?" ይለኛል።

እናቴ ዋርሲናህ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተቀበረችበትን ቦታ ባሕር ከዋጠው ደግሞ ሁለት ዓመት ሆነው። በወሩ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ውኃው በጣም የሚሸሽባቸው፣ ከሰዓት ደግሞ በጣም የሚሞላባቸው ጥቂት ቀናት አሉ። ተጉህ ያሰበው በእነዚያ ጠዋቶች አጽሟን አውጥተን ኮረብታው ላይ፣ ደረቅ አፈር ውስጥ እንድናሳርፋት ነው። ቦታ ተለምኖ ተገኝቷል። እሱ የከሰል መርከብ የሚጎትት ጀልባ ላይ ስለሚሠራ ፈቃዱ አምስት ቀን ብቻ ነበር። "ቢያንስ በእነዚህ ቀናት የአባባ እግር ይድረቅ" አለኝ። የአባቴ የእግር ጣቶች መሐል ነጭ ሆኖ ይላላጥ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ሦስታችን በሞተር ጋሪ ሄድን። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ የጭነት መኪናዎች እስከ ጎማቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል፣ የካራኦኬ ቤቶቹ በር ላይ ሴቶቹ ወንበር ላይ ወንበር ጭነው ተቀምጠዋል፣ ጉልቤዎቹ በዘረጉት ሳንቃ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ያስከፍላሉ። አንደኛው አባቴን አይቶ "የት ነው እንዲህ ቆብ ተደፍቶ?" አለው።

"ሆቴል" አለ አባቴ።

ጉልቤው ከሳቁ የተነሳ ሳንቲሙን መቀበል ረሳ።

ሆቴሉ ከመንገዱ በአሥራ አራት ደረጃ ከፍ ይላል። አባቴ የመስታወቱ በር ላይ ደርሶ ጫማውን አወለቀ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ ፕራስቲዊ የምትባል ልጅ፣ ሮጣ መጣች።

"አባቴ፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ ግድ የለም።"

"ወለላችሁ እንዳይቆሽሽ ነው፣ ልጄ።"

"ቢቆሽሽ እኛ አለን፣ እናጸዳዋለን።"

"አላችሁ ተብሎ ይቆሽሽ?"

በባዶ እግሩ ገባ። አሳንሰሩን ስናሳየውም "እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ በክሬን የምወጣው?" ብሎ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣ። ክፍሉ ሰፊ፣ አልጋው ነጭ፣ ምንጣፉ እግር የሚውጥ ነበር። መጋረጃውን ስገልጠው ሁሉም ነገር ከታች ተዘረጋ፤ ክሬኖቹ፣ የሰፈራችን የዛገ ቆርቆሮ፣ ከእሱ ወዲያ ግራጫ ውኃ፣ ውኃው መሐል ደግሞ ቅጠላቸው የረገፈ ጥቂት ነጭ ዛፎች። የቀብር ቦታችን ዛፎች ናቸው። አባቴ እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ቀረ። ሻይ አመጣሁለት፤ ቆሞ ጠጣው።

አመሻሽ ላይ ከታች የሚመጣው ጉርምርምታ ምን እንደሆነ ሊያይ ወረደ፤ ተከተልኩት። ከሆቴሉ ጀርባ ሦስት ትልልቅ ፓምፖች ከምድር ቤቱ ውኃ እየሳቡ በወፍራም ቱቦ ይተፋሉ። አንድ ሰውዬ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል።

"ይሄ ሁሉ ውኃ የት ነው የሚሄደው?" አለው አባቴ።

"ወደ መንገዱ፣ አባቴ።"

"ከመንገዱስ?"

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። "ከመንገዱ ወዲያ ያለው እኔን አይመለከተኝም።"

"እኔን ይመለከተኛል" አለ አባቴ። በቁጣ አልነበረም፤ ራሱን እንደሚያስተዋውቅ ሰው ነበር ያለው። ሰውዬው ሲጋራ ዘረጋለት። ጎን ለጎን ተቀምጠው አጨሱ።

ጠዋት ስነቃ አባቴን ያገኘሁት ምንጣፉ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተኝቶ ነው። የእሱ አልጋ እንደተነጠፈ ነበር። እግሩን አየሁት። የጣቶቹ መሐል ደርቋል። እሱም ስመለከተው አይቶ ጣቶቹን በሽርጡ ሸፈናቸው፤ የሰረቀውን ነገር ያየሁበት ይመስል።

ሽማግሌው የቀብር ጠባቂ ምባህ ጁሜሪ በጀልባ ይጠብቀን ነበር፤ ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ወጥቷል፤ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። የመቃብር ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ እንጨቶቹን ማዕበሉ ነቅሎ ወስዷቸዋል።

"ከጸሎት ቤቷ ሰባት እርምጃ ነው" አለ አባቴ።

"የትኛዋ ጸሎት ቤት? ካስዋዲ፣ እሷን እኮ ባሕሩ ከወሰዳት ሰነበተ።"

"እግሬ ያውቀዋል።"

"እግርህ የሚያውቀው መሬቱን ነው። መሬቱ የታለ?" ሽማግሌው በመቅዘፊያው ወደ አንድ ነጭ ዛፍ ጠቆመ። "እኔ የምለው እዚያ ጋ ነው።"

"እሷ ዛፍ ሥር አልነበረችም።"

"ዛፉም እዚያ አልነበረም። ሁሉም ነገር ተጉዟል።"

በመጨረሻ አባቴ የጠቆመው ቦታ ተቆፈረ። አካፋው አንድ ሲያወጣ ጭቃው ሁለት ይሞላል። ተጉህ ሸሚዙን አውልቆ በባልዲ ቀዳ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንዱ ቆፋሪ "ቆይ፣ ቆይ!" አለ፤ እጁን ሰዶ አንድ የተቦጫጨቀ ጨርቅ ነካ። ከፈን ነበር።

እናቴ ግራ ክንዷ ውስጥ ብረት አላት። ከሞተር ሳይክል ወድቃ ሐኪሞች የገጠሙላት ነው። ሌላ የምንለይበት ነገር አልነበረንም። አባቴ ጭቃው ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰ።

"ብረት የለም" አለ። "እሷ አይደለችም።"

ከዚያ ጨርቁን መልሶ ሸፈነና አፉን ወደ ጉድጓዱ አስጠግቶ "ይቅር ይበሉን፤ ሳናውቅ ነው" አለ። ወንድ ይሁኑ ሴት ስላላወቀ በአንቱታ ነበር የተናገረው። ምባህ ጁሜሪ የጠቆመውም ተቆፈረ፤ እዚያ ደግሞ ውኃ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ እያለን ከኋላችን ሲፍ ሲፍ የሚል ድምፅ መጣ።

"በሉ ውጡ፣ መጣ!" አለ ሽማግሌው። ጀልባዋ ላይ ስንደርስ ውኃው ጭናችን ጋ ነበር።

ሆቴሉ በር ላይ ከእግር እስከ ራሳችን ጭቃ ሆነን ስንቆም እንግዶቹ አፍጥጠው አዩን። ፕራስቲዊ ምንም ሳትጠይቅ በሠራተኞች በር አስገባችን። "እኔም የዚያው ሰፈር ነኝ" አለችኝ በጆሮዬ። "እናቴ እስካሁን አልወጣም ብላኛለች።"

አባቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆየ፤ በጣም ቆየ። አንኳኳሁ።

"አባባ? ደህና ነዎት?"

"ሙቅ ነው፣ ንዱክ፣ ልጄ" አለኝ ከውስጥ። "እሷ እዚያ ጭቃ ውስጥ፣ እኔ እዚህ ሙቅ ውኃ ሥር። ደስ አለኝ እኮ። ሰውነቴ ደስ አለው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

እራት ላይ አባቴ ሩዙን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ክፍሉ ሲወጣ፣ ተጉህ ግራና ቀኙን አይቶ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጠፍጣፋ ቁራጭ ብረት ነበር፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የጣቴን ያህል ርዝመት።

"ቁራሌው ሰፈር አገኘሁት" አለኝ። "ነገ እኔ ቀድሜ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ እገባለሁ። የተገኘውን አጽም አወጣለሁ፤ ይሄንን ከክንዱ ጋር አድርጌ።"

"የሰው ሬሳ ሰርቀን?"

"ሩሚ፣ ዓርብ እሄዳለሁ። እኔ ስሄድ አባባ እዚያ ቤት ተመልሰው ይገባሉ። እናታችን እዚያ እስካለች አይወጡም። አንድ ቀን ተኝተው ሳለ ውኃው ይሞላል። ገባሽ? ከዚያ የማንን አጽም እንደምንፈልግ አስቢው።"

"አላህስ?"

"እሱን እኔ እጠየቅበታለሁ።"

ከጎናችን የተቀመጡ ነጋዴዎች ሎብስተር እያስመዘኑ ይሳሳቃሉ። ብረቱን አየሁት። ከዚያ ተጉህን አየሁት፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ያለው ጭቃ አልለቀቀም። "እሺ" አልኩ። ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ውኃው አልሸሸም። ከሰሜን የመጣ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ባሕሩን ሲገፋ አድሮ የወደቡ ግንብ አንድ ጎኑ ተደርምሷል። በመስኮቱ ስናይ ነጮቹ ዛፎች የሉም። ጫፋቸው እንኳ የለም። የሰፈራችን ጣሪያዎች ውኃ ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ መስለው ነበር። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ፤ ያ የፓምፖቹ ጉርምርምታ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ሆቴሉም ዝም ሲል ፍርሃት የገባኝ።

ተጉህ ምባህ ጁሜሪ ጋ ደወለ። እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጀልባ የለም?"

"ጀልባው አለ። የምትሄድበት ነው የሌለው፣ ልጄ።"

"ነገስ?"

"ነገን ባሕሩን ጠይቀው።"

ተጉህ ስልኩን አስቀምጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፤ ባለ ሰፊ ትከሻ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጁን ኪሱ ከተተና ብረቱን አውጥቶ አባቴ ፊት አስቀመጠው፤ ያሰበውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገረው። "ሩሚም ታውቃለች" ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። እኔው "አውቅ ነበር" አልኩ።

አባቴ ብረቱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። በሁለት ጣቱ ለካው። የሚጮህብን መስሎኝ ነበር፤ ቢጮህብን ይሻለኝ ነበር።

"ይሄ በጣም ትልቅ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የእሷ ክንድ ቀጭን ነበር።"

ተጉህ ፊቱን በፎጣ ሸፈነ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሰዎች በጀልባና በበር ሳንቃ እየተንሳፈፉ ወደ ሆቴሉ መጡ። ጥበቃው መጀመሪያ አላስገባም ብሎ ነበር፤ ውኃው አሥራ አራቱንም ደረጃ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ግን የሚከለክለው በር አልቀረውም። ሰዉ ኮሪደሩን ሞላ። ፕራስቲዊ እናቷን በጀርባዋ አዝላ ስታመጣ አየሁ። አሮጊቷ ዶሮ ታቅፋለች። "ይቺን ነበር የምጠብቀው" እያለች ለሰው ሁሉ ታስረዳለች። አባቴ ክፍላችንን አራስ ላለችበት ቤተሰብ ሰጠና እኛ ደረጃው ላይ አደርን። ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ውኃው የሚነካውን የግድግዳ መስመር ማየት ብቻ። ሰዎች "ወረደ" ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ "የት ወረደ፣ ዓይንህ ነው" ይላል።

ተጉህ ዓርብ በወታደር መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ሲሰናበተን አባቴ ጭንቅላቱን ዳበሰው፤ እንደ ሕፃን። ውኃው ሲጎድል ቤታችንን ሄደን አየነው። በሩም አልጋውም የለም። ጡቦቹ ብቻ እንደተደረደሩ ነበሩ። አባቴ ከደጅ ቆሞ አየና "እንሂድ" አለኝ። ጎንበስ ብሎ አልገባም።

አሁን ከእኔ ጋር ነው፤ ፋብሪካው አጠገብ በተከራየሁት ክፍል። እግሩ ድኗል። ከዚያ ወዲህ ዛፎቹ ተመልሰው አልወጡም፤ ምባህ ጁሜሪም ሌላ ሥራ ይዞ ዓሣ ያደርቃል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለእሷ ያሲን የሚባለውን ምዕራፍ ስንቀራ፣ መቃብሯ በየት በኩል እንደሆነ እኔም እሱም በእርግጥ አናውቅም።

ኮረብታው ላይ የተለመነላት ቦታ ሁለት ወር ባዶውን ቆየ። አንድ ቀን አባቴ ብቻውን ሄዶ "ለሌላ ሰው ስጡት" ብሏቸው መጣ። በሳምንቱ የማናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ተቀበሩበት። አባቴ ቀብሩ ላይ ሄደ፤ ሰዉ ሁሉ እስኪበተን ቆሞ ነበር አሉ። ሲመለስ እጁ ላይ አፈር ነበር።

"ጥሩ አፈር ነው" አለኝ። "እፍ ስትዪው ይበናል።"

ምሳ አቀረብኩለት፤ አልበላም።