ቀይ ናስትሮ በቦቲዬ ላይ

ላሞቹ መውለድ ከጀመሩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጥቶ ሄዷል። እዚህ አውስትራሊያ፣ ጊፕስላንድ ውስጥ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሉም ላም በአንድ ሰሞን ይወልዳል። ጭቃው ቦቲ ያወልቃል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረውም በአንድ በአንድ ቃል ነው። «ወለደች?» «ወለደች።» «ተነሳች?» «አልተነሳችም።» ከዚህ ያለፈ ወሬ የለም። እኔም ያን ሆድ ተሸክሜ መሀላቸው ነበርኩ። በዚህ ሰሞን የሚደርስ እርግዝና የእብድ ሥራ ነው አለኝ ባሌ ዳሚየን፣ እሱ የሌለበት ይመስል።

የእኔ ሥራ ጥጃ ቤቱ ነው። አዲስ ለተወለዱት እንገር አጠጣለሁ፣ ጣቴን አፋቸው ውስጥ ከትቼ ባልዲ አስለምዳቸዋለሁ። የማለቢያው ቤት ጌታ ደግሞ የባሌ አባት ኬልቪን ነው። ኬልቪን ሰባን አልፏል፤ ከሰው ጋር ሲሆን ቃል ይቆጥባል፣ ከላም ጋር ግን ሲያወራ ቢውል አይሰለቸውም።

እርግዝናዬ አጋማሽ ላይ ሳለ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ከተማ ሄጄ ተመረመርኩ። ውጤቱን የነገረችኝ ናሬል ናት፣ የአካባቢያችን አዋላጅ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ግማሹን አገር በእጇ የተቀበለች ሴት።

«ቡድን ቢ ስትሬፕ ይባላል» አለችኝ። «ባክቴሪያ ነው። ስንትና ስንት ጤነኛ ሴት ሳታውቀው ተሸክማው ትኖራለች፤ አንቺን ምንም አያደርግሽም። ችግሩ ስትወልጂ ወደ ልጁ ከተላለፈ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ከሆነ ግን ክፉ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልሽ እንክብል ለሽንቱ ነው። ምጥ ሲጀምርሽ ወይም የሽርት ውሃሽ ሲፈስ ደግሞ ምንም ሳትይ ትመጪያለሽ፤ መድኃኒቱን በደም ሥርሽ እንሰጥሻለን። ከመውለድሽ አራት ሰዓት ቀድሞ ቢገባልኝ ደስ ይለኛል። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ» አልኳት።

ማታ ራት ላይ ነገሩን አነሳሁት። ሳላነሳው በቀረ! ኬልቪን ሹካውን አስቀመጠ።

«ሙሉ ስሙ ማን ነው አልሽ?»

የምርመራው ወረቀት ላይ ያነበብኩትን የላቲን ስም እንደምንም ደገምኩለት።

«ይሄማ የላም ነው!» አለ። «የግት በሽታ ነው። የአባቴን መንጋ ግማሹን የበላው እሱ ነው።»

«ናሬል እንዲሁ ያለ ነገር ነው፣ ከማንም አልያዘሽም፣ ወደ ማንም ላም አይሄድም ብላኛለች።»

«ናሬል ስንት ላም አላት?» አለ ኬልቪን።

የእኛ ቤት ሕግ የታወቀ ነው። ግቷ የታመመ ላም እግሯ ላይ ቀይ ናስትሮ ይታሰርላታል። ቀይ ያሰረች ላም መጨረሻ ትታለባለች፤ ወተቷ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ከዳነች ናስትሮው ይፈታል፣ ካልዳነች የሥጋ መኪና ላይ ትጫናለች። ኬልቪን ይህን ሕግ ያወጣው አባቱ ላሞቹ ሲጫኑ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ያየ ጊዜ ነው ይላሉ። እሱ ራሱ ነግሮኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቦቲዎቼን ላጠልቅ በረንዳ ላይ ስወጣ ሁለቱም ቀይ ናስትሮ ተጠምጥሞባቸዋል። አንድም ሽብሽብ የለበትም፣ ኬልቪን ሲያስር እንዲህ ነው። ለብቻዬም አንድ ባልዲ ተቀምጦልኛል።

«ለክፋት አይደለም» አለኝ ሊያየኝ ሳይፈልግ። «እንዳንረሳ ነው። ጥጃ ቤት ስትገቢ መጨረሻ ግቢ።»

ዳሚየን ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ፣ ግን «አባዬ፣ ፍታላት» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሆድ ባሰኝ። በስንት ላም እግር ላይ ያንን ናስትሮ በገዛ እጄ አስሬያለሁ፤ የታሰረባት ምን ይሰማታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ ያሰሩት ላሞች ከሰልፉ ጭራ ቆመው ሲያመነዥኩ ባየሁ ቁጥር የሚያውቁኝ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። ልጄን ከገዛ ሆዴ ሳወጣው የምገድለው እኔው ነኝ ወይ እያልኩ ባልዲ አጥባለሁ፤ ደክሞኝም እፈራለሁ፣ ፈርቼም ይደክመኛል።

እንክብሎቹ ያለቁ ዕለት ኬልቪን የማለቢያው ቤት ደጃፍ ላይ አስቆመኝ። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከና በሰንጢው ናስትሮውን ቆረጠው፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን።

«በቃ» አለ። «መድኃኒቷን ጨርሳለች፣ ጸድታለች። ወደ መንጋው ትመለስ።»

ዳሚየን አፏጨ። እኔ አለቀስኩ። ደስ ስላለኝ ነው ያለቀስኩት። እኛ ላሟን የምናክማት ሳትወልድ በፊት፣ ወተቷ ደርቆ በምታርፍበት ጊዜ ነው፤ ስትወልድ ጸድታ ትወልዳለች። ሳይቃጠል በቅጠል። ይህን ሲያዩ ያደጉ ሰዎች የኬልቪንን ሰንጢ አይጠራጠሩም። ናሬል በየቀጠሮው «በምጥሽ ቀን በቀጥታ ወደኔ» ስትል «እሺ» እያልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ናሬል ስንት ላም አላት እላለሁ በሆዴ።

ቀኑ የደረሰው ወገቤን ሲያመኝ የዋለ ዕለት ነው። በዚያ ሰሞን ወገቡን የማያመው ማን አለ? ምሳ እንደበላን ጥጃ ቤት ገብቼ አንዷን እምቢተኛ ጥጃ ጣቴን አጠባታለሁ፣ ድንገት ሞቅ ያለ ውሃ በእግሬ ወርዶ ቦቲዬ ውስጥ ገባ። የሽርት ውሃ መሆኑን አውቄዋለሁ። ግን ምን ያስቸኩለኛል? የመጀመሪያ ልጅ ሲንቀረፈፍ ይውላል ይባላል፣ እኔም ጸድቻለሁ። የቀሩትን ጥጆች አጠጣሁ፣ ባልዲዎቹን አጠብኩ፣ ካልሲዬን ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ፣ ለወጉ ያህል፣ ለናሬል ደወልኩ።

«ውሃው ፈሷል። ዳሚየን አልቦ ሲጨርስ እንመጣለን።»

«መቼ ፈሰሰ?»

«ምሳ እንደበላን።»

ሳቋ ከድምጿ ጠፋ።

«ብራዮኒ፣ አሁኑኑ መኪና ውስጥ ግቢ።»

«እንክብሉን ጨርሻለሁ እኮ። ጸድቻለሁ።»

«ማን ነው ጸድተሻል ያለሽ?»

ኬልቪን ማለት አፈርኩ።

«ስሚኝ የኔ እህት። የባክቴሪያው ቤቱ አንጀትሽ ውስጥ ነው፤ ብታባርሪውም ተመልሶ ይመጣል። በምጥ ቀን የምንሰጠው ለምን መሰለሽ? አንቺ ላም አይደለሽም። ግቢ አልኩሽ!»

ዳሚየንን ጮኼ ጠራሁት፤ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ፒክአፑን አስነሳ። የግቢያችን በር ጋ ሳንደርስ እውነተኛው ምጥ ያዘኝ። በሩን አልፈን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱ በላም ተሞልቷል፤ የራሳችን መንጋ ለማታው እልበት ከወዲያኛው መስክ እየተሻገረ ነው። ኬልቪን ባለአራት ጎማ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል።

ወደ መታለቢያ የሚሄድ መንጋ በእኛ መንገድ ላይ ለማንም አይቆምም። የወተቱ ቦቴም ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ኬልቪን የቀብር መኪና አስቁሞ «ሟቹ አይቸኩልም» ብሏል። ግታቸው የሞላ ላሞች ደግሞ ቀስ ነው የሚሉት።

«አባዬ! መንገድ!» አለ ዳሚየን።

ኬልቪን እጁን አነሳ፤ ጠብቁ ማለቱ ነው።

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «ኬልቪን! አልጸዳሁም! ተመልሶ ይመጣል ብላለች! ልጁ ላይ ነው የሚመጣው!»

አየኝ። ላሞቹን አየ። ከዚያ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ። ሞተሩን መሀላቸው ነድቶ መንጋውን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ባርኔጣውን እያውለበለበ፣ በየስማቸው እየተሳደበ፣ የኋለኞቹን ወደ መጡበት መለሳቸው። ላሞቹ ግራ ገባቸው። አንዷ ቦይ ውስጥ ገባች፣ ሌሎቹ የጎረቤት አጥር ጥሰው ስንዴው ውስጥ ተበተኑ። እኛ በተከፈተው መሀል አለፍን። ዞሬ ሳይ ባርኔጣው ወድቆ፣ ራሱ በዝናብ እየራሰ፣ መንገዱ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን መርፌው ክንዴ ላይ ተተከለ፣ መድኃኒቱ መንጠብጠብ ጀመረ። ናሬል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ እኔ የናሬልን ፊት አያለሁ። ልጄ ግን የናሬልን ሰዓት አልጠበቀችም፤ ቀድማ መጣች። አለቀሰችም፣ ደኅና አድርጋ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿ ፈጠነ። ደሟን ለምርመራ ቀዱና ለእሷም መድኃኒት ጀምረው፣ መስታወት ካለበት ክፍል ወስደው አስተኟት።

መስታወቱ ጋ ቆምኩ። ጥጆችን ከእናቶቻቸው የምለየው እኔ ነኝ፤ እናቶቹ አጥሩ ጋ ቆመው ሲጮኹ ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። አሁን እግሬ እያበጠ፣ ጡቴ እየሞላ፣ ነርሷ «ሂጂና ትንሽ ጋደም በይ» ስትለኝ ከዚያ አልነቃነቅም አልኩ። ማልቀስም ደክሞኝ ነበር።

ዳሚየን ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ናሬል ያዘችው። «ለአባትህ ንገርልኝ» አለችው። «ይሄ ባክቴሪያ በወንድም አንጀት ይኖራል። ምናልባት እሱም ተሸክሞት ይዞራል፣ ይሄን ሁሉ ዘመን።»

የደሙ ውጤት የመጣው ተስፋዬን ጨርሼ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። ናሬል ገና ከሩቅ እየሳቀች መጣች። «ምንም አላደገበትም። ንጹሕ ነው። ትንፋሿም ተስተካክሏል። ልጅሽን ውሰጂ።» አልጋዬ ላይ ወጣሁ፣ ልጄንም ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ በእልበት ሰዓት፣ ኬልቪን መጣ። «እናቴ ስትሞት እንኳ እልበት አላስተጓጎልኩም» የሚል ሰው ነው። የክት ኮቱን ለብሷል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ግድ የለም» አለ። «ሌላው ይግባ። እኔ መጨረሻ ነኝ።»

ያኔ ነው ወደ እግሩ ያየሁት። ቦቲዎቹን አጥቧቸዋል። ሁለቱም ላይ ቀይ ናስትሮ ተጠምጥሟል፣ አንድም ሽብሽብ የለበትም።

ሕፃኗን ወደሱ ዘረጋሁለት።

«ሌላ ሰው የለም፣ ኬልቪን» አልኩት። «ና፣ ያዛት።»